የአንድ እጅ ጨዋታ

ካሸሯ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደ ያዘች፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ሆና፣ ወንድሟ በስልክ የሚያወራውን ሰማች። ልስማ ብላ አልነበረም። የዚያ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ ወንድሟ ደግሞ ስልኩን ትቶ በባዶ ድምፁ ሰውየው ዘንድ ለመድረስ የቆረጠ ይመስል የሚጮኽ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ኮሪደሩ መሃል ካልቆመ ኔትወርክ አያገኝም። «ሴቶቹን በአምስት በአምስት ደቂቃ እንገላግላቸዋለን» ይላል። «በወንዶቹ ሁለት ዙር መሃል፣ ሰዉ ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ አለቀ። ደንቡማ ያሸነፈችው አራተኛውን ወንበር ታገኛለች ይላል፤ ይበላ! የአምስት ደቂቃ ጨዋታ ዕድል ነው እንልና ወንበሩን ለአማቼ እንሰጠዋለን። ማን አባቱ ይጠይቀናል?» ካሸሯ አረፋውን ልትተፋ አጎንብሳ፣ ሳታስበው ዋጠችው።

የወንበሩ ነገር እንዲህ ነው። የሰፈሩ የቼዝ ክበብ በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ሰው ይዞ ሌላ ከተማ ለግጥሚያ ይሄዳል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ወንበር እየተባለ እያንዳንዱ ከአቻው ጋር ይቀመጣል። ሁለቱን ወንበሮች የክበቡ አንጋፋዎች ይዘዋቸዋል፤ ሦስተኛው የክበቡ ጸሐፊ የሆነው የወንድሟ ነው። አራተኛው ለሴቶች አሸናፊ ይሰጥ ተብሎ ዘንድሮ በስብሰባ ተወሰነ፤ ያን ዕለት ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ነገ ይረሳል ብሎ ነበር ያጨበጨበው። ሴቶቹ ግን አልረሱም። ያለፉትን እሑዶች ሰዓት ሳይያዝባቸው፣ ተረጋግተው፣ እየተሳሳቁ ተጫውተው ሁለት ቀርተዋል፤ አንዷ ካሸሯ ናት። ለመጨረሻው ጨዋታ ሲሆን ሰዓት የሚባል ነገር ድንገት ትዝ ያለው ጸሐፊው ነው።

ቁርስ ላይ እንደ ወትሮው ተቀመጡ። የወንድሟ ሚስት ሻይ እየቀዳች ዘይት እንደገና ጨመረ አለች። ወንድሟ ዘይት መቼ ቀንሶ ያውቃል አለ። ካሸሯ እኛ ሱቅ አዲሱ ዋጋ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል፣ የድሮው ግን ገና ከመደርደሪያው አልተነሣም፣ ደንበኛው የሚጮኸው እኔ ላይ ነው አለች። ስለ ቼዝ ማንም ትንፍሽ አላለም። ልጅ ሳለች ወንድሟን በጓደኞቹ ፊት አሸንፋው ነበር፤ ጓደኞቹም «በእህትህ? በዚህች?» እያሉ ሰፈር ለሰፈር ዞሩበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰሌዳ ዘርግተው ፊት ለፊት ተቀምጠው አያውቁም፤ ቼዝም በዚያ ቤት እንደ ተጣሉት ዘመድ ስሙ የማይነሣ ነገር ሆነ። እሱ ክበብ ሄዶ ይጫወታል፤ እሷ አውቶቡስ ውስጥ በስልኳ ትጫወታለች፤ ማታ ሲገናኙ ስለ ውኃ መጥፋት ያወራሉ። እንጂማ ይዋደዳሉ። ታማ በወደቀች ጊዜ ታክሲ ቢያጣ ጀርባው ላይ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት ወንድም ነው። ነገሩ ያንገበገባትም ለዚህ ነው፤ ባዕድ ቢሆን ሰድባው ይወጣላት ነበር።

«ዛሬ ትመጫለሽ?» አላት፣ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

«የት ልቀር፣ ወንድምጋሼ?» አለችው።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች። ወንበሩንስ ድሮም ትፈልገው ነበር፤ አሁን ግን ማሸነፍ ብቻውን እንደማይበቃት ገባት። ዕድል የምትለዋ ቃል ወንድሟ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅራ እንድትቀር አድርጋ ማሸነፍ አለባት፤ ይህን ለራሷ ምላ በሩን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ዘጋችው።

እሑድ እስከ እኩለ ቀን ሱፐርማርኬቱ የጉንዳን መንገድ ነው። ሁሉም ሰው የሳምንቱን አስቤዛ ዛሬ ካልገዛ ነገ የሚራብ ይመስለዋል። የካሸሯ ወረፋ ከሁሉም ቶሎ ያልቃል፤ ደንበኞች ይህን ስለሚያውቁ ወረፋዋ ከሁሉም ይረዝማል፤ ይኼ ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሁልጊዜ የሚያሳስቃት ነገር ነው። ምሥጢሩ እጇ ላይ ነው። ቀኝ እጇ ዕቃውን አንሥቶ በመስታወቱ ላይ ሲያሳልፍ፣ ግራ እጇ ማንም ሳይጠይቀው ቁልፉን ይመታል፤ ቀኙ አሳልፎ ግራው ሲመታ፣ እሷ ደግሞ በአፏ ከደንበኛው ጋር ስለ ልጁ ጉንፋን ታወራለች። ሁለቱ እጆቿ ለብዙ ዓመት እንደ ቆዩ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ሳይነገረው ይጨርሳል። ያን ዕለት ከወረፋው መጨረሻ የነበሩት ሴትዮ የሳሙናቸው ዋጋ መደርደሪያው ላይ ካለው በለጠ ብለው ቢቆጧት እንኳ፣ ፈገግ ብላ አለቃዋን ጠርታ፣ አስተካክላ ሸኘቻቸው። ልቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ክበቡ ያለው ከዳቦ ቤት በላይ ነው። ደረጃውን ስትወጪ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይከተልሻል፤ አዳራሹ ስትደርሺ የሲጋራና የጫማ ሽታ ይቀበልሻል። ወንዶቹ የሚጫወቱት በመስኮቶቹ ሥር፣ ብርሃን በሞላባቸው ጠረጴዛዎች ላይ ነው። ለሴቶቹ ፍጻሜ የተዘጋጀው ጠረጴዛ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነበር፤ አንዱ እግሩ አጥሮ ካርቶን ተጣጥፎ ገብቶለታል። ወንድሟ ክራቫት አስሮ፣ ወረቀት ይዞ፣ ከወዲያ ወዲህ ይላል። አማቹ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ፍሪጅ ጠጋኙ፣ ያ ትልቅ ሰውነት ያለው ዝምተኛ ሰው፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ፊቱ ላይ ጥርስ ሊነቅል የመጣ ሰው ስሜት ይነበባል።

ተጋጣሚዋ እትዬ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው ተቀብለው ወደዚህ ዓለም ያስገቡ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ ሰፋ ያሉ፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። በሕይወታቸው ቸኩለው አያውቁም። ምጥ የያዛት ሴት ባል እየሮጠ ሲመጣ እንኳ መጀመሪያ ሻያቸውን ይጨርሳሉ ይባላል፤ ሲጠየቁም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ካሸሯን ሲያዩ ጉንጯን ስመው «ልጄ፣ በአምስት ደቂቃ እኔ መነጽሬን አድርጌ አልጨርስም፤ ብቻ እንሞክረው» አሏት። ዳኛው ደግሞ ሌላ ጊዜ የእግር ኳስ ዳኛ የሆነ፣ ቀጭን፣ ቆፍጣና ሰው ነው። ቼዝ ላይ ፊሽካ እንደማያስፈልግ ብዙ ሰው ነግሮታል፤ ፊሽካው ግን ካንገቱ ወርዶ አያውቅም።

ካሸሯ ነጭ ደረሳት። ሰዓቱ፣ ያ ባለ ሁለት ፊት የቼዝ ሰዓት፣ በግራዋ በኩል ተቀመጠ፤ አንዱ ተጫዋች ጠጠሩን አንቀሳቅሶ የራሱን ቁልፍ ሲመታ የሌላው ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ አምስት ደቂቃው ያለቀበት ተሸነፈ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ተጫውታ አታውቅም፤ ስልኳ የሚመታ ነገር የለውም። ዳኛው እጁን ሲያወርድ በንግሥቷ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋች። አባታቸው ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድምና እህቱን ቼዝ ሲያስተምር «የንጉሡን ደጅ በማለዳ አትክፈቱ፤ መጀመሪያ በንግሥቷ በኩል ውጡ» ይል ነበር። ወንድሟ ጢም ሲያበቅል ምክሩን ትቶታል፤ እሷ ግን ሌላ አከፋፈት አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም። እትዬ አዋላጅም ያንኑ ወታደር በእሳቸው በኩል ሁለት ቤት ገፉና ሁለቱ ወታደሮች ግንባር ለግንባር ተፋጠጡ። ካሸሯ ከጎኑ ያለውን ሌላ ወታደር አውጥታ፣ ብሉልኝ በሚል ዓይነት፣ በነጻ አቀረበችላቸው። ብዙ ሰው ይበላዋል፤ የበላም ሰው መሃሉን ለቅቆ በኋላ ይጸጸታል። አዋላጇ በመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ያለ ነገር ስጦታ የሚሰጥ ሰው እፈራለሁ ልጄ» አሉና ሳይነኩት ቀሩ።

ጥቂት እንደ ሄዱ ነው ፊሽካው አዳራሹን የሰነጠቀው። የወንዶቹ ጭንቅላት ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞረ፤ አንዱ ደንግጦ ሻዩን ሱሪው ላይ ደፋ። ዳኛው ካሸሯ ፊት ቆሞ ከደረት ኪሱ ቢጫ ካርድ መዘዘ። «ጠጠሩን በቀኝ አንቀሳቅሰሽ ሰዓቱን በግራ መታሽ! ያንቀሳቀሰው እጅ ነው የሚመታው!» ካሸሯ ግራ እጇን አየችው። እሱ ምን ያድርግ? ቀኙ ሲያሳልፍ መምታት ነው ሥራው፤ ጠዋት ሙሉ የዋለበት ሥራ ነው፤ ሰዓቱም ደግሞ እደጁ ላይ ተቀምጦለታል። ከኋላ አንዱ «ቼዝ ላይ ቢጫ አለ እንዴ?» ሲል ዳኛው ዞር ብሎ «እኔ ባለሁበት አለ፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀይ ነው!» አለው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወንድሟ ብቻ ኮስተር ብሎ «ደንብ ደንብ ነው» አለ፤ ሲለውም አማቹን በዓይኑ ፈለገው። ካሸሯ አየችው። ቀይ ካርድ ቢመጣ ወንድሟ ዕድል የምትለዋን ቃል እንኳ ማውጣት አያስፈልገውም፤ በካርድ ያለቀ ፍጻሜ አሸናፊ የለውም ይልና ወንበሩ በደንብ ተጠቅልሎ ለአማቹ ይሄዳል። ግራ እጇን ወንበሩ ላይ ዘርግታ ተቀመጠችበት።

አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይላሉ፤ ቼዝም ይጫወት እንደሆነ ያን ጊዜ መታየት ጀመረ። ቀኝ እጇ ጠጠሩን ያንቀሳቅስና ሰሌዳውን አቋርጦ፣ በንጉሡ ራስ ላይ ዘሎ፣ ሰዓቱ ድረስ ይሄዳል፤ እጅጌዋ ሁለት ጊዜ ግንቡን ሊጥለው ደረሰ። ሰዓቷ ይፈስሳል። ልቧ ግማሹ ጨዋታው ላይ፣ ግማሹ ከሥሯ የሚንፈራገጠው እጇ ላይ ነው። በዚህ መሃል ነው ንግሥቷን ቶሎ አንሥታ፣ ሰዓቱን መትታ፣ ቀና ስትል ጉዱን ያየችው፤ ንግሥቷ ስትጠብቀው የነበረው ፈረስ ብቻውን ሜዳ ላይ ቀርቷል። የአዋላጇ ግንብ እጁን ዘርግቶ ቢወስደው የሚከለክለው የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ይኼን ግን መልቀሚያም የለው። ካሸሯ ቀልቧ ተገፈፈ፤ ፊቷ ግን አልተነቃነቀም። የደንበኛ ካርድ ማሽኑ አልቀበልም ሲል፣ ሰውየው በወረፋው ፊት እንዳያፍር ብላ የምትለብሰው ፊት አላት፤ እሱን ለበሰችው።

እትዬ አዋላጅ ፈረሱን አዩት። ከዚያ እሷን አዩ። እንደገና ፈረሱን አዩት። «ደግሞ ሌላ ስጦታ?» አሉ በለሆሳስ። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ አገጫቸውን ይዘው፣ ወጥመዱን መፈለግ ጀመሩ። ወጥመድ የለምና አላገኙትም፤ ባላገኙት መጠን ደግሞ ይበልጥ ጠረጠሩት። ሰዓታቸው ይሄዳል፤ እሳቸው የማሕፀን በር የሚከፈትበትን ጊዜ የሚጠብቁ ይመስል አይቸኩሉም። ሰው ሁሉ ከየጠረጴዛው ተነሥቶ ዙሪያቸውን ከበበ፤ የወንዶቹ ሁለተኛ ዙር መጀመሪያ ሰዓት ማለፉን ማንም ልብ አላለም። ወንድሟ ወረቀቱን የት እንደ ጣለው እንጃ፣ ከአዋላጇ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ ከንፈሩን ይነክሳል። በመጨረሻ እትዬ አዋላጅ ራሳቸውን ነቅንቀው «አልታለልም» አሉና ንጉሣቸውን ወደ ጥግ አሸሹ። ካሸሯ ፈረሱን ወደ ቤቱ መለሰችው።

ከዚያ በኋላ ንግሥቶቹ እርስ በርስ ተበላሉ፤ እጇም መንገዱን ለመደ። ጠጠር፣ ሰዓት፤ ጠጠር፣ ሰዓት። ከዳር ያለ አንድ ወታደር ማንም ሳያስተውለው አንድ አንድ ቤት እየተራመደ ወደ ላይኛው ጫፍ ተጠጋ፤ አዋላጇ ባዩት ጊዜ የሚደርስበት ጠጠር አልነበራቸውም። ወታደር ጫፍ ሲደርስ ንግሥት ይሆናል፤ ነገር ግን የተበላችው ንግሥት የተቀመጠችው በግራ፣ ሰዓቱ ሥር፣ ልክ ግራ እጇ ከዋለበት ቦታ አጠገብ ነበር። ሰውነቷ በሙሉ «በግራ አንሺው!» ብሎ ጮኸባት። ሰዓቷ ላይ የቀረው ጥቂት ነው። ዳኛው ጣቱን ደረት ኪሱ ላይ አሳረፈ። ካሸሯ ከነግራ እጇ ወንበሩ ላይ ተጫነች፤ በቀኟ ወታደሩን ገፋች፣ በቀኟ አነሣችው፣ በቀኟ ሰሌዳውን አቋርጣ ንግሥቲቱን አመጣች፣ አስቀመጠቻት፣ ተመልሳ ሰዓቱን መታች። ፊሽካው ዝም አለ። እትዬ አዋላጅ አዲሲቷን ንግሥት ለጥቂት ጊዜ ተመለከቷት፤ ከዚያ ንጉሣቸውን ቀስ አድርገው፣ እንደሚያስተኙት ሕፃን፣ አጋደሙት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሏት ጮክ ብለው።

አዳራሹ ፈነዳ። የዳቦ ቤቱ ሰዎች ጣሪያው ሊወርድብን ነው ብለው ደረጃ ላይ ወጡ። ካሸሯ ልታቅፋቸው ተነሣች፤ ግራ እጇ ደንዝዞ አልታዘዝ ስላላት አዋላጇን በአንድ እጇ ብቻ አቀፈቻቸው፤ አልቅሳም ስቃም ነበር፣ የትኛው እንደ ቀደመ አታውቀውም።

ወንድሟ ወረቀቱን ከመሬት አነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ክቡራን፣ አራተኛውን ወንበር በተመለከተ… የአምስት ደቂቃ ጨዋታ፣ እንደምታውቁት…» ብሎ ቆመ። ካሸሯ ጠበቀችው፤ ዓይኖቿን ከፊቱ ላይ አላነሣችም። እሱም አየት አደረጋትና አንገቱን ወደ ወረቀቱ ደፋ። ያን ጊዜ ከግድግዳው በኩል ማንም ያልጠበቀው ድምፅ ተሰማ፤ ፍሪጅ ጠጋኙ ነው። «ኧረ ስለ ፈጣሪ!» አለ። «እኔን ከሆነ ተወኝ። ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ እንኳ በየጊዜው ይጠፋኛል። እህቴ ትቀየመኛለች ብዬ ነው እንጂ ቅዳሜ አንድ ሙሉ ሆቴል ፍሪጁ ተበላሽቶ እኔን ነው የሚጠብቀው።» ሰዉ ሳቀ። ወንድሟ ቀላ። «የአምስት ደቂቃ…» ብሎ እንደገና ጀመረ።

«ጨርሰው እንጂ የኔ ልጅ!» አሉ እትዬ አዋላጅ ከወንበራቸው። «አንተ እንደሆንክ ያኔም ስቀበልህ መሃል መንገድ ላይ ነው የቆምከው፤ እናትህን ያደከምካት!»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ሲስቁ እሱም ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «አራተኛ ወንበር» አለ፣ ሳይጮኽ፣ «እህቴ ናት።»

ወደ ቤት አብረው ሄዱ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር፤ ሱቆቹ ደጅ ያወጡትን ዕቃ እያስገቡ ነው። እሷ ግራ እጇን ትፍቃለች፤ እሱ ክራቫቱን ፈትቶ ጣቱ ላይ ይጠቀልላል። ጠዋት የሰማችውን ልትነግረው ብዙ ጊዜ አሰበች፤ በየጊዜውም ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ይቅር ብላ ተወችው። መድኃኒት ቤቱን አልፈው መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ድንገት ቆመ።

«ያን ፈረስ» አላት፣ ሊጠይቅ አፍሮ መሬት መሬት እያየ። «ቢወስዱትስ ኖሮ? ምን ነበር ያዘጋጀሽላቸው? እኔ ቆሜ ስፈልገው ስፈልገው አልታየኝም።»

ካሸሯ አየችው። ልጅ ሳሉ አባታቸው ሰሌዳውን ሲያጥፍ ወንድሟ የሚያሳየው ፊት ነበር፤ አንድ ጨዋታ ብቻ፣ አንድ ብቻ የሚል ፊት።

«ምንም» አለችው። «ረስቼው ነው።»

«ረስተሽው?»

«ረስቼው፣ ወንድምጋሼ! ነፍሴ ልትወጣ ነበር!»

ወንድሟ በመጀመሪያ አላመናትም። ከዚያ ሳቅ ከሆዱ ተነሣበት፤ የመብራት ምሰሶ ተደግፎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «በቃ አልቆልሽ ነበራ! ግንቡ ፈረሱን ቢወስድ ንጉሥሽ እኮ ራቁቱን ነው!» «ራቁቱን አይደለም» አለች፣ «ንግሥቴን መልሼ ፊቱ አቆማታለሁ።» «አታደርሺያትም!» «አደርሳታለሁ!» «እንዴት አድርገሽ? በየት በኩል?» እየተነታረኩ መንገድ ቀጠሉ። ግራ መዳፉን ዘርግቶ ሰሌዳ አደረገላት፤ እሷም በጣቷ ንጉሡን አውራ ጣቱ ሥር አስቀመጠች፣ ግንቡን እዚህ፣ ንግሥቲቱን እዚህ፤ እሱ «ቆይ፣ ቆይ፣ እሷን መልሺ» እያለ ጣቷን ይገፋል። የወንድሟ ሚስት በር ላይ ቆማ ስትጠብቃቸው ነበር፤ በፊት ለፊቷ አለፏት። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ቤቱን እኮ አለፋችሁት!» ብላ ከኋላቸው ተጣራች። አልሰሟትም፤ ወንድሟ መዳፉን ወደ መንገድ መብራቱ ከፍ አድርጎ ይዞ «እሺ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው» ይላት ነበር።